ብልቃጥ ውስጥ የተፈጨ አጥሚት፦ ወረቀቱ ላይ ያለው 14 በመቶ ምን ይነግርዎታል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ከጤፍ፣ ከገብስና ከሽንብራ የሕፃናት አጥሚት ዱቄት አዘጋጅቼ እሸጣለሁ። ላብራቶሪ አስመርምሬው ‹ብረት በ100 ግራም 20 ሚሊግራም፣ ባዮአክሰሲቢሊቲ 14 በመቶ› የሚል ወረቀት ሰጡኝ። ምርመራው በሰው ላይ ሳይሆን በላብራቶሪ የሆድ ሞዴል ነው የተሠራው አሉኝ። 14 በመቶውን ሳሰላው 2.8 ሚሊግራም ይመጣል። ማሸጊያው ላይ ‹የሕፃኑ ሰውነት 2.8 ሚሊግራም ብረት ያገኛል› ብዬ ልጻፍ? አንድ ወዳጄ ደግሞ ይህ ሁሉ በኮምፒውተር ይሰላል፣ ለላብራቶሪ ገንዘብሽን አታውጪ ይለኛል። እውነት ነው?»

እህቴ፣ ማሸጊያው ላይ አይጻፉት። ወረቀቱን ግን አይጣሉት። በደንብ ካነበቡት ዱቄትዎን ለማሻሻል በጣም ይጠቅምዎታል። ነገሩ ወዲህ ነው፦ 14 በመቶ የሚለው ቁጥር ስለ ዱቄቱ ይናገራል። ስለ ሕፃኑ የሚያውቀው ነገር የለም። ለምን እንደሆነ እንዲገባዎት መጀመሪያ ብልቃጡ ውስጥ ምን እንደተደረገ ልንገርዎት።

ዛሬ ብዙ ላብራቶሪዎች የሚከተሉት ኢንፎጀስት የሚባለውን አሠራር ነው። የብዙ አገር ተመራማሪዎች ተስማምተው እ.ኤ.አ. በ2014 አወጡት፣ በ2019 ደግሞ አሻሻሉት። ከዚያ በፊት ሁሉም በየራሱ መንገድ ነበር የሚሠራው። አንዱ አሲዱን ያበዛል፣ ሌላው ኢንዛይሙን ያሳንሳል። የአንዱን ውጤት ከሌላው ማስተያየት አይቻልም ነበር።

ከተበሰለው አጥሚት 5 ግራም ይመዘናል። 5 ሚሊ ሊትር ሰው ሠራሽ ምራቅ ይጨመርበታል። ምራቁ ውስጥ ስታርች የሚሰብር አሚሌስ የሚባል ኢንዛይም አለ። እዚህ የሚቆየው 2 ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ 10 ሚሊ ሊትር የጨጓራ ፈሳሽ ይገባል። ፕሮቲን የሚቆራርጠው ፔፕሲን አለበት። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 3 እስኪደርስ ድረስ አሲድ ጠብ ጠብ ይደረግበታል። በ37 ዲግሪ ሙቀት፣ እየተነቃነቀ፣ 2 ሰዓት ይቆያል። ቀጥሎ 20 ሚሊ ሊትር የትንሹ አንጀት ፈሳሽ ይመጣል። የቆሽት ኢንዛይሞችና የሐሞት ጨው አሉበት። ፒኤቹ ወደ 7 ከፍ ይላል። ሌላ 2 ሰዓት። በመጨረሻ 5 ግራም የነበረው አጥሚት 40 ሚሊ ሊትር ድፍርስ ፈሳሽ ሆኖ ይወጣል።

ድፍርሱ ሴንትሪፊውጅ ላይ በኃይል ይሽከረከራል። ጠላ የጠመቀ ሰው ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቀዋል። አተላው ከታች ይዘቅጣል፣ የጠለለው ከላይ ይቀራል። ከጠለለው ተቀድቶ ብረቱ ይለካል። በአጠቃላዩ ብረት ሲካፈል ያ ነው የእርስዎ 14 በመቶ።

እንግዲህ ባዮአክሰሲቢሊቲ የሚለው ቁጥር ይህን ያህል ብረት ሟሟ ማለት ነው። መሟሟት መመጠጥ አይደለም። የሟሟው ብረት ደጅ እንደደረሰ እንግዳ ነው። በሩን የሚከፍተው ባለቤቱ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ያንን በር የሚቆጣጠር ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን አለ፣ ጉበት ነው የሚሠራው። ሰውነት በቂ ብረት ካከማቸ ሄፕሲዲን ይጨምራል፣ በሩ ይዘጋል። ልጁ ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን ካለበትም እንደዚሁ። የብረት እጥረት ያለበት ልጅ በአንጻሩ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። ሁለት ሕፃናት ከአንድ ድስት አንድ ዓይነት አጥሚት ይበላሉ። የሚወስዱት ብረት ግን ለየቅል ነው። ብልቃጡ ጉበት የለውም፣ ትኩሳትም አይይዘውም።

አሁን 2.8 ሚሊግራሙን ከሕፃኑ ፍላጎት ጋር ያስተያዩት። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት ከ7 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን ያወጡት መጠን እንዲህ ነው። ከምግቡ ብረት 10 በመቶው ይመጠጣል ተብሎ ሲታሰብ በቀን 9.3 ሚሊግራም ያስፈልገዋል። የሚመጠጠው 5 በመቶ ብቻ ከሆነ ደግሞ 18.6 ሚሊግራም። በሁለቱም መንገድ ቢያሰሉት ወደ ደሙ መግባት ያለበት ብረት 0.93 ሚሊግራም ገደማ ነው። የእርስዎ ማሸጊያ 2.8 ሚሊግራም ያገኛል ካለ ከሚያስፈልገው ሦስት እጥፍ ሰጠሁት ማለት ነው። ይህን ያነበበች እናት ምን ትላለች? «35 ግራም ዱቄት ከሰጠሁት ሞላ» ትላለች። እንቁላሉን፣ ጉበቱን፣ ሥጋውን ትተዋለች። እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ነው። ልጁ ይገረጣል፣ እናትየው ግን የምታውቀው ማሸጊያው ላይ ያነበበችውን ነው።

ታዲያ ሞዴሉ ምን ይጠቅማል? ለማወዳደር። ሁለት ዓይነት ዱቄት በአንድ ቀን፣ በአንድ ኢንዛይም፣ በአንድ እጅ ከተሠሩ፣ የትኛው ይበልጣል የሚለውን ጥሩ አድርጎ ይነግርዎታል። ይህን የሚችለው ዋናውን ኬሚስትሪ ስለሚይዝ ነው። ብረት ጨጓራ ውስጥ፣ አሲድ ባለበት፣ ይሟሟል። ወደ አንጀት ሲሻገር አሲዱ ይረግባል። ያን ጊዜ ብረቱ ተመልሶ መዝቀጥ ይጀምራል። እህሉ ውስጥ ፋይቴት ካለ ደግሞ ይብሳል። ፋይቴት እህል ፎስፈረሱን የሚያከማችበት ውህድ ነው። ብረቱንም ዚንኩንም አንቆ ይይዛል። ቫይታሚን ሲ ደግሞ በተቃራኒው ብረቱን ሟሙቶ እንዲቆይ ይረዳዋል። ይህን ሁሉ ብልቃጡ ያያል። ስለዚህ ዱቄቱን ባበቀሉት፣ ባቦኩት ወይም አጥሚቱን ከፍራፍሬ ጋር ባቀረቡት ጊዜ የሚመጣውን ለውጥ ሊያሳይዎት ይችላል።

ጤፍ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ፣ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ። የጤፍ ብረት መጠን በየጥናቱ እጅግ ይለያያል። በ100 ግራም ከ10 ሚሊግራም ገደማ ጀምሮ ቀይ ጤፍ ላይ ከ150 በላይ የተመዘገበበት ጊዜ አለ። የአንድ እህል ብረት በተፈጥሮው እንዲህ አይዘልም። ልዩነቱ በአብዛኛው ከአፈር የሚመጣ ነው። ጤፍ ደቃቅ ነው፣ አውድማ ላይ በከብት ይበራያል፣ አፈሩ አብሮት ይሄዳል። ከወፍጮውም የሚፋቅ ብረት አለ። ላብራቶሪው አጠቃላይ ብረት ሲለካ ናሙናውን በጠንካራ አሲድ ወይም በእሳት ስለሚያፈርሰው የአፈሩም የእህሉም ብረት አብሮ ይቆጠራል። የአፈሩ ብረት ግን ሆድ ውስጥ ብዙም አይሟሟም።

ይህ መቶኛውን እንዴት እንደሚያዛባው በምሳሌ ላሳይዎት። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የወሰድኳቸው ናቸው። በደንብ የታጠበ ጤፍ 8 ሚሊግራም ብረት አለው፣ 16 በመቶው ሟሟ እንበል። ያልታጠበው 40 ሚሊግራም አለው፣ የሟሟው 3 በመቶ ብቻ ነው። በመቶኛ ካየነው የመጀመሪያው አምስት እጥፍ የሚበልጥ ይመስላል። በሚሊግራም ግን አንዱ 1.28 ነው፣ ሌላው 1.2። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከላብራቶሪው መቶኛውን ብቻ ሳይሆን የሟሟውን ብረት በሚሊግራም ጭምር ይጠይቁ። እርስዎም ዛሬ አንድ ማሳ፣ ነገ ሌላ ማሳ ያበቀለውን ጤፍ ስለሚገዙ፣ የአንዱ ወር 20 ሚሊግራም የሚቀጥለው ወር 20 ላይሆን ይችላል።

ሌላም የሚጠየቅ አለ፦ «ባዶ ናሙና ሠርታችኋል?» በሉልኝ። ባዶ ናሙና ማለት አጥሚት የሌለበት፣ ውሃና ኢንዛይም ብቻ ያለበት ብልቃጥ ነው። ኢንዛይሞቹ ከአሳማና ከሌሎች እንስሳት የሚወጡ ስለሆኑ በራሳቸው ብረት አላቸው። ያ ካልተቀነሰ የእርስዎ አጥሚት የራሱ ያልሆነ ብረት ይቆጠርለታል። ብርጭቆው በአሲድ ካልታጠበም እንደዚሁ። የኢንዛይሙ ጉልበትም በየጠርሙሱ ይለያያል። በኢንፎጀስት አሠራር የጨጓራው ፔፕሲን በአንድ ሚሊ ሊትር 2000 ዩኒት መሆን አለበት። ይህ የሚታወቀው እያንዳንዱ ጠርሙስ ሲመጣ ሲለካ ነው እንጂ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን በማመን አይደለም። መብራት ሲጠፋ ፍሪጅ ውስጥ የሰነበተ ኢንዛይም ምን ያህል እንደሚዳከም እኛ አገር ላብራቶሪ የሠራ ሁሉ ያውቃል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የአንድ ሳምንት ሥራ በዚህ ምክንያት ደግሜያለሁ።

ደግሞ የማን ሆድ ነው የተቀዳው? ፒኤች 3፣ 2 ሰዓት፣ 2 ሰዓት የሚለው የአዋቂ ሰው ነው። ለአራስ ሕፃን የተዘጋጀ ሌላ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቷል። እዚያ የጨጓራው ፒኤች 5.3 ነው፣ ቆይታውም 1 ሰዓት። አሲዱ በጣም ለስላሳ ነው ማለት ነው። የእርስዎ ደንበኛ የስምንት ወር ሕፃን ከሁለቱ መካከል ያለ ነው። አሲዱ ሲለሳለስ የሚሟሟው ብረት ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ 14 በመቶው ለብልቃጡም ቢሆን የአዋቂ 14 በመቶ ነው።

ከዚህ ከፍ ያሉ ሞዴሎች አሉ፣ ፈጠን ብዬ ላልፍባቸው። የኔዘርላንዱ ቲኤንኦ የተባለው የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቲም-1 የሚባል ማሽን ሠራ። ጨጓራውም አንጀቱም እንደ ላስቲክ የሚለመጥ ግድግዳ አላቸው። በዙሪያቸው ሞቅ ያለ ውሃ እየተገፋ ይጨምቃቸዋል። አሲዱ ቀስ በቀስ ይጨመራል፣ ምግቡም እየተንጠባጠበ ወደ ታች ይወርዳል። ቤልጂየም ጌንት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ሻይም» (SHIME) የሚባል ማሽን ደግሞ የትልቁን አንጀት ባክቴሪያዎች ጭምር ያኖራል። ከሰው ሰገራ ተዘርቶ፣ እስኪረጋጋ ሁለት ሳምንት ያህል ይመገባል። ስለ ቃጫና ስለ ባክቴሪያ ለሚያጠና ሰው ግሩም መሣሪያ ነው። የእርስዎ ጥያቄ የብረት ነው፣ የብረት ዋናው በር ያለው ደግሞ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ለእርስዎ «ሻይም» አያስፈልግዎትም።

ለብረት የበለጠ የሚረባው የሕዋስ ሞዴሉ ነው። ካኮ-2 ይባላል። ሕዋሶቹ መጀመሪያ የተወሰዱት ከአንድ የ72 ዓመት ሰው የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ ሳህን ላይ ሦስት ሳምንት ገደማ ከተተዉ የትንሹን አንጀት ግድግዳ መምሰል ይጀምራሉ። አሜሪካ ኢታካ ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ ብልህ ዘዴ አሳዩ። ብልቃጥ ውስጥ የተፈጨውን ምግብ ከሕዋሶቹ በላይ ያደርጉታል፣ መሐል ላይ ስስ ወንፊት አለ። ሕዋሶቹ ብረት ሲወስዱ ፌሪቲን የሚባል የብረት ማከማቻ ፕሮቲን ይሠራሉ። ያ ፌሪቲን ይለካል። ብዙ ብረት የወሰደ ሕዋስ ብዙ ፌሪቲን ይሠራል። በ2004 ደግሞ ቀደም ሲል በሰዎች ላይ የተለኩ ምግቦችን በዚህ ዘዴ ደግመው ሞከሩ። የቫይታሚን ሲ ጥቅምና ፖሊፌኖል የሚባሉት፣ ሻይ ውስጥ ያሉት ዓይነት ውህዶች ጉዳት በሰው ላይ ከታየው ጋር በደንብ ገጠመ። ልብ ይበሉ፣ የገጠመው አቅጣጫውና አንጻራዊ መጠኑ ነው። የካኮ-2 ውጤት «ይህን ያህል በመቶ ተመጠጠ» ብሎ አይወጣም። «ከዚያኛው ይህን ያህል ይበልጣል» ነው የሚለው።

በእርግጠኝነት ስንት ተመጠጠ የሚለውን የሚመልሰው ሰው ብቻ ነው። ብረት-57 ወይም ብረት-58 የተባሉ፣ ጨረር የሌላቸው፣ ጉዳት የማያደርሱ የብረት ዓይነቶች ከምግቡ ጋር ይቀላቀላሉ። 14 ቀን ተጠብቆ ደም ይቀዳል። ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የገባው ይቆጠራል። ውድ ነው፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ ይጠይቃል፣ በሕፃን ላይ ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄው ይጠነክራል። በጤፍ ላይ ሌላም ችግር አለበት። የተጨመረው ብረት ከአፈሩ ብረት ጋር አይዋሃድም። ስለዚህ እዚህም ውጤቱ በማስተዋል ይነበባል። ለአነስተኛ አምራች የሚመከር አይደለም። እንዲያውም ሞዴሎቹ የተፈለጉት ለዚህ ነው። ሃያ ዓይነት ቅይጥ በሰው ላይ መሞከር አይቻልም። በብልቃጥ ሃያውን አይቶ ሁለቱን መምረጥ ግን ይቻላል።

አሁን ወደ ወዳጅዎ ምክር ልምጣ። ግማሹ እውነት ነው።

የኮምፒውተር ሞዴል ሲባል ብዙ ነገር አለ። ከሁሉ ቀላሉ ለአንድ የብረት ቅንጣት ስንት የፋይቴት ቅንጣት እንዳለ የሚቆጥረው ነው፣ በእርሳስ ይሠራል። ፋይቴቱን በ660 ያካፍሉ፣ ብረቱን በ55.85 ያካፍሉ፣ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍሉ። ለምሳሌ 100 ግራም ዱቄት ውስጥ 600 ሚሊግራም ፋይቴትና 10 ሚሊግራም ብረት ቢኖር ውጤቱ 5 ገደማ ይሆናል። ብረት በደንብ እንዲመጠጥ ይህ ቁጥር ከ1 በታች፣ ቢቻል 0.4 አካባቢ መውረድ አለበት። 5 ከሆነ መንገዱ ገና ሩቅ ነው። ከዚህ ከፍ ሲል ስዊድናውያኑ ሃልበርግና ሁልቴን እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት ስሌት አለ። ፋይቴቱን፣ ቫይታሚን ሲውን፣ ሥጋውን፣ ካልሲየሙን፣ ሻይና ቡናውን ሁሉ አስገብቶ የሚመጠጠውን ብረት ይገምታል። የተሠራው ግን በአዋቂዎች ላይ ከተለኩ ምግቦች ነው።

ሌሎቹ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው የሚመልሱት። ከመድኃኒት ምርምር የመጣው ሞዴል ትንሹን አንጀት በሰባት ክፍል ከፍሎ፣ ምግቡ በ199 ደቂቃ ገደማ እንዲያልፍ አድርጎ ያሰላል። የጨጓራን መኮማተር እንደ ወንዝ ፍሰት የሚያሰሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 እንዲህ ያለ ስሌት አንድ የሚገርም ነገር ጠቆመ። ፈሳሽ ጨጓራው ውስጥ ሁሉ ሳይቀላቀል በጠባብ መንገድ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወደ አንጀት ሊሾልክ ይችላል። ይህን በዓይን ለማየት አስቸጋሪ ነው፣ ስሌቱ ግን አሳየው። የአንጀት ባክቴሪያዎችን የሚያሰላው አጎራ የተባለው ስብስብ በ2017 ሲወጣ 773 ባክቴሪያዎችን ይዞ ነበር። ሥራዎቹ ትልልቅ ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ። ለአጥሚትዎ ግን መልስ የላቸውም።

ኮምፒውተር የሰጡትን ነው የሚያሰላው። የእርስዎን ዱቄት ፋይቴት ካልለኩ ከየት ያመጣዋል? ከሌላ አገር ሰንጠረዥ ይወስዳል። የጤፍዎን የአፈር ብረት አያውቅም። ሽንብራውን ቆልተውታል ወይስ ነክረውታል፣ ገብሱ በቅሏል ወይስ ጥሬ ነው፣ አያውቅም። ስለዚህ ወዳጅዎ የላብራቶሪውን ወጪ ይቀንሳል ቢል ይሻል ነበር። ሃምሳ ዓይነት ቅይጥ በወረቀት አስልተው ሦስቱን ብቻ ላብራቶሪ ይስጡ። ገንዘብዎን የሚያተርፈው እንዲህ ያለው አካሄድ ነው።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። አሁን የሚሸጡትን አንድ ናሙና፣ ገብሱን አብቅለው የሠሩትን አንድ ናሙና፣ ዱቄቱን በእርሾ አቡክተው ያደረቁትን አንድ ናሙና ይያዙ። ገብስ ፋይቴትን የሚሰብር ፋይቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለው፣ ሲበቅል ይጨምራል። ጤፍ ላይ ይህ ኢንዛይም ደካማ ነው። ስለዚህ የበቀለው ገብስ ከጤፉ ጋር በእርጥበት ጥቂት ሰዓት ከቆየ ለሁለቱም ይሠራል። ደረቅ ዱቄት ላይ ደረቅ ብቅል ቢደባለቅ ግን ብዙም አይሠራም፣ ኢንዛይሙ ውሃ ይፈልጋል። ሦስቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ላብራቶሪ፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ጊዜ ይሠሩ። አጠቃላይ ብረት፣ የሟሟ ብረት በሚሊግራም፣ ፋይቴት፣ ባዶ ናሙና። አራቱ ይበቁዎታል።

ማሸጊያው ላይ አጠቃላዩን ብረት ይጻፉ፣ የተለካና እውነተኛ ቁጥር ነውና። ከዚያ ያለፈ ነገር ከመጻፍዎ በፊት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ይጠይቁ። በተረፈው ቦታ «ከፍራፍሬ ጋር ያቅርቡ፣ እንቁላልና ሥጋም ይጨምሩ» የሚል ቢጽፉ ለልጁ ከ2.8ቱ ይልቅ ይጠቅመዋል።

ደግሞ አደራ፣ ናሙናውን ዱቄት አድርገው አይላኩ። እናቶች ቤት እንደሚሠሩት፣ በዚያው የውሃ መጠን፣ በዚያው እሳት አብስለው ይላኩ፤ ወይም ላብራቶሪው ራሱ እንዲያበስል አሠራሩን ጽፈው ይስጡ። የሚበስልበትንም ድስት ይናገሩ። ብረት ድስት ላይ የተሠራ አጥሚት የድስቱን ብረት ይዞ ስለሚመጣ ውጤቱ የዱቄትዎ ብቻ አይሆንም።